ሁለተኛው ካሴት

ኅዳር 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት የሠርጌን ዝግጅት ልጽፍበት ነበር። አሁን የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚሰፍረው ወንጀሌ ሆነ። ያልሠራሁት ወንጀል፣ ያውም በፊልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት እትዬ ወርቄ አሮጌ ሣጥን ሲያጸዱ «ፍርድ በጫካ» የሚለውን ፊልም አገኙና ለሰፈሩ ማሳየት ጀመሩ። እኛ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጆች በ1987 ዓ.ም. በአንድ የሠርግ ካሜራ የሠራነው ነው። ዋናው ተዋናይ እኔ ኤጀታ ነኝ። ሰው ገድሏል ተብሎ በሐሰት የተከሰሰ ምስኪን ሆኜ ነው የምጫወተው። ድልህ በውኃ በጥብጠን ደም አደረግን። ሁለት ፖሊሶች ነበሩን፤ ኮፍያው ግን አንድ ስለነበር ሁለቱ አብረው አይታዩም። ሬሳው አስነጠሰው። ዳይሬክተራችን ኤልቃና «ነፍስ ስትወጣ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ አሳለፈው። ቢሆንም ለዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነበር።

ችግሩ ፊልሙ ባለ ሁለት ካሴት መሆኑ ነው። እትዬ ወርቄ ያገኙት አንደኛውን ብቻ ነው። በአንደኛው እከሰሳለሁ፣ አመልጣለሁ፣ ደም የነካው ካፖርት ለብሼ እንጦጦ ጫካ ውስጥ እያለከለኩ እሮጣለሁ፣ ያልቃል። ነጻ የምወጣው በሁለተኛው ነው። ሁለተኛው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ታክሲ ስገባ ረዳቱ «ለገዳዩ ጠጋ በሉለት!» አለ። ሁሉም ጠጋ አሉ። በዚህ መስመር ስሄድ እንደዚህ ሰፊ ቦታ አግኝቼ አላውቅም።

ኅዳር 5

በምሳ ሰዓት፣ ቢሮ። የምሠራበት መዝገብ ቤት ድረስ ሰው እየመጣ በመስኮት ያየኛል።

አፀደ ደወለች። የማገባት እሷን ነው፤ ማለት አባቷ ከፈቀዱ። አባቷም ፊልሙን አይተውታል።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ሽሮውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።»

«ተናደው?»

«አይ፣ እንደገና ሊያየው።»

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው የዕድራችን ሊቀ መንበር አለቃ ዘመንፈስቅዱስ። እኔ ከታች አስፋልቱ ዳር ባሕር ዛፍ ተደግፌ ጠበቅኋቸው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ፖሊስ የምሸሽ ይመስለው ነበር።

አለቃ እንደነገሩኝ፣ የአፀደ አባት ጋሽ ወልደ ኢየሱስ «አረፍ በሉ» ሲሏቸው፣ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ «ልጃችሁ ያ ጫካ ውስጥ የሚሮጠው ነው?» አሉ።

«አዎን፤ ግን እሱ ጨዋታ ነው» አሉ አለቃ።

«አሯሯጡን አይቻለሁ። መጨረሻውን አላየሁም። ሁለተኛውን ካሴት ሳላይ መልስ የለኝም። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ይኸው ነው። ነቢይ በሀገሩ አይከበርም ይላሉ፤ ተዋናይማ ጭራሽ ሚስት ይከለከላል! መጨረሻውን ቢያዩት እኮ ያለቅሱ ነበር። ዓቃቤ ሕጉ ደም የነካውን ካፖርት አንሥቶ ሲያሳይ እኔ ተንበርክኬ «ክቡር ዳኛ! እምላለሁ፣ ይህ ካፖርት የእኔ አይደለም!» እላለሁ። ያኔ የፈሰሰው እንባ እውነተኛ ነው። ሽንኩርት አልተጠቀምንም።

በጣም ይበርዳል። ይህን የምጽፈው ያንኑ የፊልሙን ካፖርት ደርቤ ነው። ከዚያ ሁሉ ልፋት የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው። ያኔ ጫካው ውስጥ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ዛፍ ላይ የተገኘ ነገር እንደ ፍሬ ነው። ባለቤት ቢኖረው ከሥሩ ይቆም ነበር።

ኅዳር 10

ከሥራ ስንወጣ ከአፀደ ጋር በእግር ወደ ላይ ወጣን። ለካ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ጡረታ የወጡት ከደን ጥበቃ ነው። «የመንግሥት ሥራ» ሲባል ቢሮ መስሎኝ ነበር። በ87 እዚሁ እንጦጦ ላይ የደን ጠባቂ ነበሩ። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ቆላ ወዳለ የችግኝ ጣቢያ ተዛወሩ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አባዬን ያየሁት በፋሲካ በፋሲካ ነው» አለች አፀደ።

«ምን አጠፉ ተብለው?»

«የመንግሥት ልብስ ሸጠሃል ብለውት። ካፖርት ነው መሰለኝ። እሱ ስለዚያ አያወራም።»

ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ተጫወትን። ስለ ድንኳን።

ብርዱ ለቋል። ካፖርቱን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 12፣ ኅዳር ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል። አሮጌ ነገር ማቃጠል የአባቶች ሥርዓት ነው፤ እኔም ሥርዓት አክባሪ ነኝ። አንድ አሮጌ ጨርቅ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወጣሁና እሳቱ ላይ ጣልኩት። ማዳበሪያው ነደደ። ጨርቁ አልነደደም። ቢጨስ ቢጨስ አልነድ አለ። የመንግሥት ዕቃ እኮ ሲሠራ፤ ማለቴ ጥሩ ሱፍ እንዲህ ነው።

አለቃ ዘመንፈስቅዱስ በጭሱ መሃል ብቅ አሉ። «ምን ልታቃጥል ነው ኤጀታ?»

«አሮጌ ጨርቅ ነው አለቃ።»

«ልብስ ለድኻ ይሰጣል እንጂ ይቃጠላል እንዴ?»

በእንጨት ስቤ አወጣሁት። አሁን ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል።

ኅዳር 17

አያት ሰፈር ድረስ ሄጄ ኤልቃናን አገኘሁት። ዛሬ የመዘምራን ቪሲዲ ቀራጭ ሆኗል፤ ጥሩ ኑሮ ይዟል።

«ሁለተኛው ካሴት? አለ እኮ» አለ።

ላቅፈው ተነሣሁ።

«ብቻ በ89 ሠርጋችን ላይ ካሴት አልቆብን በሱ ላይ ቀዳንበት።»

ተቀመጥኩ። ንጽሕናዬ በጵርስቅላና በኤልቃና ሠርግ ተሸፍኗል ማለት ነው። ደግነቱ ሠርጉ ካሴቱን አልጨረሰውም፤ ኤልቃና እንደሚለው መጨረሻው ላይ ያለው የፍርድ ቤቱ ክፍል ተርፏል።

ሚስቱ ጵርስቅላ ግን ካሴቱን ብቻውን አትለቅም። «እኔ ካለሁበት ነው የሚታየው» አለች። «ከመጀመሪያውም ነው የሚታየው። ሰው ሠርጌን ዘሎ ፍርድ ቤት አይገባም።»

ተስማማሁ። ለአለቃ ነገርኳቸው። እፎይ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ ዛሬም ሄዱ። ካሴቱ ተገኝቷል ሲሏቸው ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ከወንበራቸው ተነሡ አሉ።

«ፍርድ ቤቱ ውስጥ ካፖርቱ ይታያል?» ብለው ጠየቁ።

«ይታያል ብለዋል» አሉ አለቃ።

«ከውስጥ በኩልስ?»

አለቃ ይህን ሲነግሩኝ ግራ ተጋብተው ነበር። እኔ ግን ለአልባሳት ሥራችን ይህን ያህል ትኩረት የሚሰጥ ተመልካች በማግኘታችን ደስ ብሎኛል። ቤት ስገባ ሣጥኑን ለምን እንደቆለፍኩ አላውቅም። ምናልባት ጾሙ ይሆናል።

ቀጠሮው ታኅሣሥ 20፣ እሳቸው ቤት።

ታኅሣሥ 2

ጵርስቅላ ጋ ደወልኩ። «ሠርግ የግል ነገር ነው እኮ፤ ባዳ ሰው ፊት ባይመችሽ ይቅር» አልኳት። «ኧረ ደስ ይለኛል! ጠጉሬንም እሠራለሁ» አለች።

ታኅሣሥ 7

ከሰሞኑ መብራት በየእሑዱ ይጠፋል። ይመስገን።

ታኅሣሥ 9

እትዬ ወርቄ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ስለ መብራቱ አታስብ። ጄኔሬተሬን ይዤ እመጣለሁ። ነጻ ሳትወጣማ አንተኛም!» እሳቸው ናቸው ገዳይ ያስባሉኝ፤ አሁን ደግሞ ነጻ ሊያወጡኝ ቆርጠዋል።

ታኅሣሥ 14

አፀደ «ምን ሆነሃል? ከስተሃል» አለችኝ።

«ጾም ነው።»

«እኔም እጾማለሁ፤ አልከሳሁም። ሐሳብህን ከለወጥክ ንገረኝ።»

«እንዴት እለውጣለሁ!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። የሰው ዓይን አለ፣ ታክሲ መጣ፣ ሄደች። ነገ እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 15

አልነገርኳትም። ነገ።

ታኅሣሥ 18

ነገ።

እኔ እኮ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ኤልቃና «ገጸ ባሕሪው ካፖርት ያስፈልገዋል» አለ። ዞር ስል ዛፉ ላይ አየሁት። ሰውየው ከቁልቁለቱ በታች እንጨት ለቃሚ ሴቶችን እየተቆጣ ነበር፤ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ፊቱን አላየሁትም። ፊቱን ያላየሁትን ሰው እንዴት በድዬዋለሁ ይባላል?

የምመልሰው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ክረምት ገባ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ሳሎን ሞላ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም፣ አፀደና እናቷ እትዬ ደብሪቱ፣ ኤልቃና፣ ጠጉሯን ተሠርታ የመጣችው ጵርስቅላ፣ እትዬ ወርቄ ከነዴካቸው። መብራት አልጠፋም። በጭንቅ ቀን መብራት አይጠፋም።

የእትዬ ወርቄ ዴክ ወደፊት ማጠንጠኛው ተበላሽቷል። ስለዚህ ሠርጉን ከ«እንኳን ደህና መጣችሁ» ጀምሮ ሙሉውን አየን። አሥራ አንድ መዝሙር ተዘመረ። ሦስት ሰባኪዎች ተራ በተራ ተነሡ። ሦስተኛው «በአጭሩ» ብለው ሲጀምሩ አለቃ ዘመንፈስቅዱስ ሰዓታቸውን አይተው «ቃሉስ መልካም ነው፤ ርዝመቱ እንጂ» አሉ። ጵርስቅላ አለቀሰች። ኤልቃና አንቀላፋ፤ በክርኗ ጎሰመችው። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ብቻ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም፤ ቆሎ እንኳ አልቆረጠሙም። እኔ በልቤ አራተኛ ሰባኪ እንዲነሣ እለምን ነበር። የሰው ሠርግ እንዳያልቅ የጸለየ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

አለቀ። ኬኩ ሊቆረስ ሲል ምስሉ ተንሻፈፈ፣ ጉም በጉም ሆነ፣ ከጉሙ ውስጥ ዳኛችን ብቅ አሉ። ዳኛ የሆኑት የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ከፊታቸው የደወል መዶሻ አለ።

ዓቃቤ ሕጉ ካፖርቱን አነሣ። አገላበጠው። ኤልቃና ያኔ ለምን ካሜራውን እንዳስጠጋ አላውቅም፤ ጥበብ ይሆናል። ከውስጥ በኩል በነጭ ቀለም 47 የሚል ቁጥር አለ። ከቁጥሩ በታች በቀይ ክር የተጣፈ ኪስ።

እትዬ ደብሪቱ ብድግ አሉ። «የእኔ ስፌት! ያ ክር ከአፀደ ሹራብ የተረተርኩት ነው! በእግዚአብሔር ስም፣ የእኔ ስፌት!»

ጋሽ ወልደ ኢየሱስ አልተነሡም። ከደረት ኪሳቸው ሲታጠፍ ሲዘረጋ የሳሳ ወረቀት አወጡ። ልክ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለሁት እኔ ተንበርክኬ ጮኽኩ። «ክቡር ዳኛ! እምላለሁ፣ ይህ ካፖርት የእኔ አይደለም!»

«እሱስ እውነቱን ነው» አሉ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ።

ዳኛው በመዶሻው መትተው ነጻ ለቀቁኝ። ማንም አላጨበጨበም። እትዬ ወርቄ ብቻ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንሥተው መለሱት።

ከዚያ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ወረቀቱን አነበቡ። በቁጥር 47 የተመዘገበውን የመንግሥት ካፖርት ሸጠው ለግል ጥቅማቸው ያዋሉ በመሆኑ ይላል። ሳያዩም ያነቡት ነበር፤ በቃላቸው ነው። «አሥራ ሦስት ዓመት» አሉ፣ «ሽጠሃል ስባል ኖርኩ። ሾላንም መርካቶንም ዞሬ የገዛውን ሰው ፈለግኩ። ለካ የገዛው ሰው የለም።»

ዱላ ቢሰነዝሩብኝ ይሻለኝ ነበር። አፀደ አየችኝ። «ጾም ነው ያልከኝ ይሄን ነው?» ብላ ወጣች። እኔ ወንጀለኛ ስባል አልሸሸችኝም፤ ነጻ በወጣሁ ቀን ተለየችኝ።

ታኅሣሥ 21

ዛሬ ከሥራ ቀረሁ። ካፖርቱን ከሣጥን አወጣሁት። ሽማግሌዎቹ ለጋብቻ መጥተው ለዕርቅ ዋሉ። አለቃ ዘመንፈስቅዱስ በወጉ ድንጋይ ተሸክመህ ትገባለህ አሉኝ፤ ድንጋዩንም ራሳቸው መረጡ። ሳይጨክኑ አልቀሩም። በዚያ ዳገት፣ በአንገቴ ድንጋይ፣ በክንዴ ካፖርት። ታክሲው አጠገቤ ሲያልፍ ያ ረዳት አንገቱን አውጥቶ አየኝና መልሶ አስገባ።

ደጃፋቸው ላይ ተደፋሁ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። አላገኘሁትም፣ ወሰድኩት። ድምፅዎንም እሰማ ነበር» አልኩ።

ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ካፖርቱን ተቀብለው አሸተቱት። «ለምን ጭስ ጭስ ይላል?»

ይህንንም ተናዘዝኩ። አለቃ «ያ አሮጌ ጨርቅ!» ብለው ግንባራቸውን መቱ።

«ድንጋዩን አውርድ፣ ወገብህ ይቆረጣል» አሉ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ። «ይቅርታው እኔ ዘንድ ነው፤ ሰጥቼሃለሁ። ስሜ ግን እነሱ ዘንድ ነው። እሱን አምጣልኝ።»

አፀደ ከጓዳ አልወጣችም። ሳሏን ግን ሰማሁ።

ታኅሣሥ 24

የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሦስት ጊዜ ስም ቀይሯል። ማክሰኞ ካፖርቱን ይዤ ሄድኩ። የንብረት ክፍሉ ሰው ካፖርቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ዕቃ ገቢ ለማድረግ ሞዴል 19 መቁረጥ አለብን። ይህ ካፖርት ግን ተሽጧል ተብሎ ከመዝገብ ተሰርዟል። የሌለ ዕቃ አንረከብም።»

«ይኸው እጅህ ላይ ነው እኮ!»

«እጄ ላይ አለ። መዝገብ ላይ የለም።»

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። በመስኮቴ በኩል ለሰው ስናገረው አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ስንቱ ሰው በሱ ምክንያት ዳገት እንደወረደ ያን ቀን አሰብኩ።

ፋይሉን ራሴ ልፈልግ ብዬ ለመንኩ። ሁለት ቀን አቧራ ዋጥኩ፤ ሙያዬ ነውና አገኘሁት። ከዚያ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ ካፖርቱን ዛፍ ላይ ከተሰቀለበት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ የደን ጠባቂው አልሸጡም። ስሜን፣ የመታወቂያ ቁጥሬን፣ ፊርማዬን አኖርኩ። ኃላፊው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ያ ፊልም ላይ ያለኸው ነህ አይደል? ለመሆኑ ገዳዩ ማን ነበር?»

«አላውቅም ጌታዬ። እዚያ ላይ ሠርግ ተቀድቶበታል።»

ጥር 4፣ እሑድ

ደብዳቤው ዓርብ ወጣ። ማስጠንቀቂያው ተሽሯል፣ ካፖርቱ አገልግሎቱን ስለጨረሰ ለቀድሞ ተጠቃሚው ይሰጥ ይላል። ዛሬ ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። በር ላይ ልቆም ስል ጋሽ ወልደ ኢየሱስ «ግቡ፣ ተቀመጡ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ቆማችኋል» አሉ።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛውን ለእትዬ ደብሪቱ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። አሮጌውን ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አዲሱን በቦታው አኖሩ። ከዚያ ካፖርቱን ለበሱት። ትንሽ ሰፍቷቸዋል። ሰው ይቀንሳል፣ ካፖርት አይቀንስም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ካሜራ።

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ስለ ልጆቹ ነገር» አሉ።

«ልጄን እሰጣለሁ» አሉ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ። «ግን በፊርማ ነው። ይህ ሰው ዕቃ እንዴት እንደሚወስድ አይቻለሁ።»

አፀደ ከጓዳ ወጣች። «አባዬ! እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ?»

«ዕቃማ ብትሆኚ ሳይፈርም ይወስድሽ ነበር።»

ሳቀች። እኔን እያየች ነው የሳቀችው። ከታኅሣሥ 20 ጀምሮ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሠርጉ ጥር 25 ነው፤ ኤልቃና ይቀርጻል፣ በአዲስ ካሴት።

አሁን ቤቴ ሆኜ ያለ ካፖርት እጽፋለሁ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ኅዳር 10 ላይ ብርዱ ለቋል ብዬ ጽፌ ነበር። አልለቀቀም ነበር።